ከነጥቡ ያለፈው ካፒቴን

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የፋጤ ዓሣ ቤት ተቀምጬ ምሳዬን ስጠብቅ ከኋላዬ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ሰው ፀጉሩ ይሸብታል፣ ትከሻው ይወርዳል፤ የዚህን ሰውዬ ድምፅ ግን ዕድሜ አልደፈረውም። ለአንድ ሰው ሲያወራ እንኳ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት የቆመ ያስመስለዋል። ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ካፒቴን ጌታሁን ነው። ከቤተሰቡ ጋር በሁለት መኪና ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ለምሳ ጎራ ብሏል። ሁለት ጠረጴዛ አስገጥመው ልጆቹ፣ አማቾቹና የልጅ ልጆቹ ዙሪያውን ተኮልኩለዋል። እሱ መሐል ተቀምጦ ሹካውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ "እዚህች ሐይቅ አናት ላይ ነው" ይላል። "ደመናው ጥጥ ነው፤ ምንም አይታይም። እኔ ግን ተራራው ሸተተኝ። አብራሪ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ይሸተዋል።" አማቾቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንደኛው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጸዋል። ፋጤ ሳህኔን ስታስቀምጥ ፊቴን አየችና፣ "ምነው ጋሽ ሙሄ፣ አመመዎ እንዴ?" አለችኝ። "የለም፣ ጆሮዬን ነው" አልኳት።

ተራራ አይሸትም። ይህን የምለው ያን ቀን ከጌታሁን ጎን፣ በቀኝ ወንበር የተቀመጥኩት ረዳት አብራሪ እኔ ስለነበርኩ ነው። ደመና ውስጥ የሚሸተው የሞተር ዘይት፣ የወንበር ቆዳና የጌታሁን ሽቶ ብቻ ነበር።

ያ ሽቶ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በዚያ ዘመን ሐይቅ ከተማ ዛሬ የምናያት ሐይቅ አልነበረችም። ባጃጅ የለም፣ የፕላስቲክ ወንበር የለም፣ ዓሣ ቤት የሚባል ነገር አይታወቅም። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በደንገል ልጥ እየሰኩ መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት እጃቸውን ይሰዳሉ፤ አንድ ስኩ በስሙኒ ይሸጣል። ዛሬ ፋጤ ለአንድ ሳህን በምታስከፍለኝ ገንዘብ ያኔ ጀልባውን ከነቀዛፊው መግዛት ይቻል ነበር። የወንዶቹ ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ቃጭል የሰፋ፣ ፀጉራቸው ጎፈሬ ሆኖ የተነፋ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ከአንዱ ሻይ ቤት ደጃፍ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ የአምባሰልን ዜማ ያንቆረቁራል፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ይሰማል። ጌታሁን እዚያ ሻይ ቤት በራፍ ላይ፣ ሁሉም ሰው እንዲያየው ሆኖ ይቀመጣል። የወርቅ ቀለም ያላቸው አራት የካፒቴን መስመሮች ትከሻው ላይ፣ ጥቁር መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ። ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣ ነበር። ልብስ ሰፊው ሸሚዙን ከወገቡ እንዲያጠብለት ሦስት ጊዜ ሲመልስበት አይቻለሁ። ሽቶውን የሚያስመጣው ከአስመራ ነው፤ ከሻይ ቤቱ ከተነሳ በኋላ እንኳ ወንበሩ እሱን እሱን ይሸታል። ሴቶቹ ያዩታል፣ ጎረምሶቹ ይቀኑበታል፣ ሊስትሮው ጫማውን በነፃ ይጠርግለታል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ። ከሐይቅ ገበሬ ቤት የወጣሁ ረዳት አብራሪ ነኝ፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለኝ። ያኔም አልቀናሁበትም። ሰው ለማብረር ሳይሆን ለመታየት አብራሪ ሲሆን ምን እንደሚመስል በቅርብ የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር።

እኔን ያስተማረኝ ሻምበል ወልዴ የሚባል፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቅ፣ ሸሚዙ ሁሌ አንገቱ ላይ የሚሰፋው ሰው ነበር። ጌታሁንንም ያስተማረው እሱ ነው፤ ግን ማስተማር አንድ ነገር ነው፣ መማር ሌላ። ሻምበል ወልዴ ከሁሉም በላይ የሚደክመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ በደመና ውስጥ ወደ ማረፊያው ሜዳ ስትወርድ፣ ሜዳውን ሳታየው ቀርተህ ማረፉን የምትተውበትን ቦታ ማወቅ። በእንግሊዝ አፍ "ሚስድ አፕሮች ፖይንት" ይሉታል፤ ሻምበል ወልዴ "የመተው ነጥብ" ይለው ነበር። የዛሬ ልጆች በስክሪን ላይ ስሙ ተጽፎ፣ አውሮፕላናቸው በትንሽ ምስል ወደ እሱ ሲጠጋ ያዩታል፤ አንዳንዶቹ ያንን እያዩም ያልፉታል፣ ስለዚህ ስክሪኑን አላመሰግነውም። ያኔ ግን አውሮፕላኑን ቁልቁል እስከ ማኮብኮቢያው የሚመራ የራዲዮ ጨረር በሌለበት ሜዳ ሁሉ ነጥቡን ፈልጎ ማግኘት የአብራሪው ፈንታ ነበር። የተፈቀደልህ ዝቅተኛ ከፍታ አለ። እስከዚያ ትወርዳለህ፤ መሬት ካላየህ ከዚያ በታች አንድ ክንድ አትወርድም። በዚያው ከፍታ ቀጥ ብለህ ነጥቡን ትጠብቃለህ። አንዳንዱ ሜዳ ላይ ቢከኑ፣ ማለትም የራዲዮ ምልክት የሚልከው ምሰሶ፣ ከማኮብኮቢያው አጠገብ ይተከላል፤ ከላዩ ስታልፍ መርፌው ይዞርና ነጥቡ ላይ ነህ ይልሃል። አንዳንዱ ጋ ርቀትህን የሚነግርህ መሣሪያ አለ። ሁለቱም በሌሉበት የሚቀርህ ሰዓት ነው። ቢከኑ ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ ይቆማል፤ ከላዩ ስታልፍ ሰዓትህን ትጫናለህ፤ በያዝከው ፍጥነት ካርታው የሰጠህ ደቂቃ ሲያልቅ ነጥቡ ላይ ነህ። ንፋስ ከኋላህ ከሆነ ቶሎ ትደርሳለህ፣ ስለዚህ ሰዓቱን ታሳጥራለህ። ንፋስ ከፊትህ ከሆነ ታስረዝማለህ። ይኼው ነው። ሻምበል ወልዴ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ፣ "ነጥቡ ላይ ስትደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለህ" ይል ነበር። "ሜዳውን አየኸው ወይስ አላየኸውም። 'አሁን ይታየኛል' የሚባል መልስ የለም። ተራሮቹን ለክቶ ይህን መንገድ የሠራልህ ሰው እስከ ነጥቡ ድረስ ነው ዋስትና የሰጠህ። ከነጥቡ ካለፍክ ማንም አያውቅህም።"

የኛ ሜዳ እዚሁ ሐይቅ ከተማ አጠገብ የነበረ የጠጠር ማኮብኮቢያ ነው። ዛሬ ማሽላ ተዘርቶበታል፤ የማስታወቂያ ሰሌዳው እንኳ ለአንዱ ቤት የከብት በረት በር ሆኗል። ቢከኑ በስተደቡብ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ትበራለህ፤ ሐይቁ ሁልጊዜ በቀኝህ ነው። ነጥቡ ላይ ደርሰህ ሜዳውን ካላየህ ሞተሩን ሙሉ ሰጥተህ እየወጣህ ወደ ቀኝ፣ ወደ ውሃው ትታጠፋለህ። ውሃው ላይ የሚነካህ ነገር የለም። ካልታጠፍክና ወደፊት ከቀጠልክ ግን ፊት ለፊትህ ያለው አምባሰል ነው። ስለ አምባሰል ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ሰው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ነው ብዬ ልለፈው።

ጌታሁን ሰዓት መያዝ ያሳፍረው ነበር። "ሰዓት እያየ የሚሄድ ባቡር ነው" ይላል። "እኔ ወሎን እንደ መዳፌ አውቃታለሁ።" የሐይቅ ልጅ እኔ ነኝ፤ እሱ ይህችን ምድር የሚያውቃት ከሻይ ቤት በራፍ ነው፤ ግን ይህን አንስቼ አላውቅም። የሐይቅ ልጅ መሆንም ደመና ውስጥ ለምንም አይጠቅምም። በኋላ ብዙ ሰው "አገርህ ስለሆነ ነው ያወቅከው" ሲለኝ ኖሯል፤ ወላሂ ይህን የሚለኝን ሰው ሁሉ እንደ ጌታሁን ነው የማየው። ነጭ ነገር ውስጥ አገር የለም። ያወቅኩት ሰዓት ስለያዝኩ ነው።

ያን ቀን ክረምት ነው። ከተሳፋሪዎቹ የፊት ወንበር ላይ አንድ ባለሥልጣን ተሳፍሯል፤ ማን እንደነበር ማንሳት አያስፈልግም፣ ዛሬ የሚያስታውሰውም የለም። ሜዳው ላይ የሚቀበለው ሕዝብ ከነ ነጋሪቱ ዝናብ ላይ ቆሟል። ሰውዬው ከመሳፈሩ በፊት፣ "ካፒቴን፣ ዛሬ መድረስ አለብኝ" አለው። ጌታሁን ኮፍያውን አውልቆ፣ "ከእኔ ጋር ተሳፍረው የማይደርሱበት የለም" አለው። አስተናጋጃችን አስቴር ይህን ስትሰማ ወደ እኔ አየችና ቅንድቧን ብቻ ከፍ አደረገች። አስቴር የደሴ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ተሳፋሪ ሲያስመልሰው ግንባሩን ይዛ እንደ እህት የምታባብል ሴት ነበረች። ጌታሁን እንደ ሌሎቹ ስላልሳቀችለት አይወዳትም።

ቢከኑ ላይ ስንደርስ ጌታሁን የሆነ ሰርግ ላይ ስላጋጠመው ነገር እያወራኝ ነበር። መርፌው ዞረ። እኔ ሰዓቴን ተጫንኩ። እሱ ወሬውን አላቋረጠም።

"ካፒቴን፣ ቢከኑን አልፈናል" አልኩት። "ንፋሱም ከኋላ ነው፤ ስንመጣ ለክቼዋለሁ። ሰዓቱን ማሳጠር አለብን።"

"ሙሄ፣ አንተ ሰዓት ሠሪ ብትሆን ይሻልህ ነበር" አለኝና ሰርጉን ቀጠለ።

ወረድን። የተፈቀደልን ከፍታ ላይ ስንደርስ መስታወቱ ላይ ነጭ ብቻ ነው። ዝናቡ የፊት መስታወቱን ይመታል፣ መጥረጊያው ይንጫጫል፣ ሞተሮቹ እንደ ወትሮው ያጉተመትማሉ። አስቴር መሐል መተላለፊያው ላይ ቆማ ለአንዲት አሮጊት ቀበቶ ታስርላቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ጌታሁን ወሬውን ተወና አንገቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ያኔ ነው መፈለግ የጀመረው፤ ሰዓት ያልያዘ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል።

ሰዓቱ አለቀ። "ጊዜው ነው። ሜዳው አይታይም። እንውጣ" አልኩት።

"ቆይ፤ አሁን ይከፈታል።"

"ካፒቴን፣ ነጥቡን አልፈናል።"

"አየሁት" አለ። "ሐይቁ ይኼው ፊት ለፊት። ጥቁሩን አታየውም? ወደ ውሃው ደርሰናል፤ ትንሽ ዝቅ ልበል፣ ሜዳው ከታች ይገለጣል።"

እውነት ነው፣ ከፊታችን ጥቁር ነገር ይታያል። ነጩ ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠቁር ሰፊ ነገር። ግን ሐይቁ ከፊት ሊሆን አይችልም፤ ሐይቁ በቀኝ ነው። ሰዓቱ ካለቀ ደግሞ ከፊት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ካፒቴን፣ ያ ውሃ አይደለም። አምባሰል ነው" አልኩት፤ መልሱን አልጠበቅኩም። የሞተሩን እጀታ ሙሉ ለሙሉ ወደፊት ገፋሁት፣ መሪውን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ጌታሁን እጄን መታኝ። እጀታውን ደግሜ ገፋሁ። ከዚያ እሱም አየው፤ ጥቁሩ ቅጠል ነበረው። እጁን ከመሪው አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደ ተሳፋሪ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

አውሮፕላኑ እየተንቀጠቀጠ አፍንጫውን አነሳ። ወደ ቀኝ አጠፍኩት። ከሆዳችን ሥር ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ከኋላ ደግሞ የሰው ጩኸት። መቼም ረጅም ጊዜ አልነበረም፣ ግን ያንን ያህል ዱዓ ባንድ ትንፋሽ ማድረግ እንደሚቻል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ከዚያ ደመናው ሳሳ፣ ከላይ ወጣን፣ ፀሐይ መታችን። ከሩቅ በስተምሥራቅ በደመናው ቀዳዳ የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ብልጭ አለና ጠፋ። ጌታሁን ከኪሱ ማበጠሪያ አወጣ። ፀጉሩን አበጠረ። ከዚያ ማይክሮፎኑን አንስቶ ለተሳፋሪዎቹ፣ "ክቡራንና ክቡራት፣ በአየሩ ጠባይ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን፤ ሁሉም ነገር በእጄ ነው" አላቸው።

በእጁ። አስቴር በዚያ ሰዓት መተላለፊያው ላይ ወድቃ ነበር። አፍንጫው ሲነሳ ተወርውራ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተላትማለች፤ ዳሌዋ ተሰብሯል። አሮጊቷ ያሰረችላቸውን ቀበቶ ፈትተው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ራሷን ደግፈው ይዘዋት ነበር። እስክናርፍ አልለቀቋትም።

አዲስ አበባ ስንደርስ መካኒኮቹ ከጎማው መታጠፊያ የዛፍ ቅርንጫፍ መዘው አወጡ። አንዱ ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ አሸተተውና ወደ እኔ አየ። በማግስቱ መርማሪዎቹ ፊት ተጠራን። ጌታሁን ድንገተኛ ቁልቁል ንፋስ እንደመታው፣ አውሮፕላኑን በብርታቱ መንጭቆ እንዳወጣው ተናገረ። ሲናገር እጆቹን ያንቀሳቅስ ነበር፤ እነዚያ ጭኑ ላይ ያስቀመጣቸውን እጆች። እኔ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ነገርኳቸው፦ ቢከኑን መች እንዳለፍን፣ ንፋሱን፣ ሰዓቱን፣ ያልኩትን፣ እሱ ያለውን። ከተቀመጡት አንዱ፣ ክራቫቱ ሆዱ ላይ ያልደረሰ ወፍራም ሰው፣ እስክጨርስ ጠብቆ፣ "የካፒቴኑን መሪ ያለ ፈቃድ ነክተሃል ማለት ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"ይህን አምነሃል?"

"አላመንኩም፤ ነገርኩዎ እንጂ። ባልነካው ኖሮ የሚጠይቁት ሰው አይኖርም ነበር።"

ባለሥልጣኑ በበኩሉ "ሕይወቴን ያተረፈ ጀግና" ብሎ ጌታሁንን አመሰገነው። ደመና ውስጥ ምን እንደሆነ ከኋላ ወንበር ማን አየ? የእኛ ክፍል በር ተዘግቶ ነበር። ሰው ግን የሚያምነው ድምፁ ትልቅ የሆነውን ነው። ጌታሁን ወደ ትልቅ አውሮፕላን ተዛወረ። እኔን ደግሞ ቡናና ቆዳ ወደሚያመላልሱት የጭነት በረራዎች አወረዱኝ፤ ለዓመታት ከከረጢት ጋር በረርኩ። ከረጢት ጥሩ ነው፣ አያጨበጭብም። በመጨረሻ የራሴን አራት መስመር አገኘሁ፤ ብዙ ልጆች አስተማርኩ፤ ጡረታ ስወጣ ወደ አባቴ ቤት፣ ወደዚህች ከተማ ተመለስኩ። አስቴር ዳግመኛ አልበረረችም። እያነከሰች ደሴ ፒያሳ ላይ የክርና የቁልፍ ሱቅ ከፈተች። ደሴ በሄድኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ፤ ሻይ ታስመጣልኛለች፤ ስለዚያ ቀን አናወራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "መጥቶ ጠይቆኝ አያውቅም" አለችኝ፤ ማንን እንደሆነ ሳትናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተች፣ ነፍሷን ይማር። ቀብሯ ላይ እሱን ፈለግኩት። እንደሚቀር እያወቅኩ ነው የፈለግኩት።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ ፋጤ ዓሣ ቤት ሹካ ቀስሮ ተራራ ሸተተኝ የሚለው። እኔ ዝም ብዬ ዓሣዬን በልቼ ልሄድ ነበር። ለአማቾቹ የፈለገውን ቢነግራቸው ምን አገባኝ፤ አንዱ የሲሚንቶ ነጋዴ፣ አንዱ የባንክ ሰው ነው፤ የሚያበሩት ነገር የለም። ከዚያ ግን ጌታሁን አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። "ይኼ ደም ውስጥ ነው ያለው" አለ። "ሳምራዊት የአብራሪነት ስልጠናዋን ልትጨርስ ነው። እኔ ሁሌ እነግራታለሁ፦ መጽሐፉ ለፈሪ ነው የተጻፈው። ሰዓቱ፣ ነጥቡ፣ ርቀቱ፣ እሱ ሁሉ ለፈሪ ነው። ጥሩ አብራሪ ትንሽ ይጨምራል። ትንሽ ስትጨምር ነው ሜዳው የሚገለጠው።" ልጅቷ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆናት ነው፤ አያቷን በሙሉ ዓይኗ ታየዋለች። ታምነዋለች።

ያኔ ሹካዬን አስቀመጥኩና ተነሳሁ።

ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝ። "ሙሄ። አለህ እንዴ?" ብሎ እጆቹን ዘረጋ። ከእቅፉ ገለል ብዬ እጁን ብቻ ጨበጥኩት። ወደ ቤተሰቡ ዞሮ፣ "ይኼውላችሁ ምስክሬ። ያን ቀን አጠገቤ የነበረው ልጅ እሱ ነው። እጁ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ብታዩ። በል ንገራቸው" አለ።

በዚያ ዘመን ሁሉ "እርስዎ" ስለው ኖሬያለሁ። "እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ግን አስቴርን ታስታውሳታለህ?" አልኩት።

"የቷን አስቴር?"

እውነቱን ነው፤ አላስታወሳትም። ንዴት ይመጣብኛል ብዬ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ሰውዬ ጋር የምነጋገረው ነገር እንደሌለኝ ገባኝ። ስለዚህ ወንበር ስቤ ልጅቷ ፊት ተቀመጥኩና ለእሷ ነገርኳት። ድምፄን አላነሳሁም። ቢከኑን፣ ሰርጉን፣ ንፋሱን፣ ሰዓቱን፣ ጥቁሩን ነገር፣ ቅርንጫፉን፣ አስቴርን። የባንኩ ሰው ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ገለበጠው። ጌታሁን መሐል መሐል ላይ ለመሳቅ ሞከረ፤ ከዚያ፣ "ለልጅ እንዲህ አይወራም፤ ይህ ሰውዬ ገና ያኔም ቂመኛ ነበር" አለ። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር አልልም፤ አላየሁም። ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ፤ አማቾቹም ተከተሉት።

ሳምራዊት ግን አልተነሳችም። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለችኝ። "ነጥቡ ላይ ሳልደርስ ልተወው ብወስንስ? ወዲያው መታጠፍ እችላለሁ?"

"ሽቅብ ውጪ፤ ግን እስከ ነጥቡ ድረስ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። መታጠፊያውም የተለካው ከነጥቡ ነው። ቀድመሽ ብትታጠፊ አሁንም ማንም አያውቅሽም።"

"ነጥቡን ባልፍና ወዲያው ሜዳው ቢገለጥስ?"

"ይገለጥ። አንቺ የለሽም። እየወጣሽ ነው።"

"ሰው ግን ይስቅብኛል።"

"ይስቃል" አልኳት። "የሚስቀው ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።"

ከመኪናው ጥሩንባ ተነፋ። ተነስታ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ፋጤን ሂሳብ ስጠይቃት ጌታሁን የጎረቤቱን ጠረጴዛ ሂሳብ ጭምር እንደዘጋ ነገረችኝ፤ የእኔን ማለት ነው። ገንዘቡን እንዲመልስለት ሰው ላክኩ፤ መኪናው ሄዶ ነበር። እንግዲያው መስጊዱ በር ላይ ለሚቀመጡት ነዳያን ይሁን ብዬ ለፋጤ ሰጠኋት።

ወራት አልፈው ክረምቱ ገባ። ባለፈው ሳምንት ከጁምዓ ሰላት ስወጣ ስልኬ ጠራ፤ ሳምራዊት ናት። ሥራ ጀምራለች፤ በቀኝ ወንበር። አንድ ደመና የዋጠው ሜዳ ላይ ሲወርዱ ነጥቡ ደረሰ፣ ምንም አልታየም፣ "እንውጣ" አለች፤ ካፒቴኑ ያለ አንድ ቃል ወጣ። ወደ ተነሱበት ተመለሱ። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ ሲወርድ ሴት ስላበረረችው ነው ብሎ አለፈ። ጥቂት ቆይቶ እዚያው ሜዳ ደመናው ተገልጦ ሌላ አውሮፕላን አረፈበት። የሚያመሰግናት ሰው አልነበረም።

"ጥሩ፤ እንደዚያ ነው የሚሆነው" አልኳት።

"አያቴ ግን ሰምቶ ደወለልኝ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ፤ ወይም ሳቅ የሚመስል ነገር። "'ምን አይተሽ ነው የተመለስሽው?' አለኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ምንም አላየሁም፣ ለዚህ ነው የተመለስኩት አልኩት።"